ሰፊው የሙህዲን ካርቶን

ሙህዲንን የማያውቅ የአዋሳ ሰው ካለ ግድግዳው ላይ ፎቶ ሰቅሎ የማያውቅ ሰው ነው። መሃል ከተማ፣ ከኔ ሻይ ቤት ጎን፣ በአንድ የጣውላ ግድግዳ ተለያይተን ነበር የምንሠራው። እሱ ሚስማር ሲመታ የኔ ብርጭቆዎች መደርደሪያ ላይ ይንጫጫሉ። እኔ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ደግሞ እሱ ከወዲያ ማዶ «ጽጌ፣ አሁንስ በቃሽ!» ይለኛል። በቃኝ ብዬ አላውቅም። ስሜ ጽጌሬዳ ነው፤ ዝም በይ ሲሉኝ የሚብስብኝ ሰው ነኝ፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ሙህዲን የስልጤ ሰው ነው። አዋሳ የገባው አናጢ ሆኖ ነበር፤ በርና መስኮት ሲሠራ ቆይቶ ወደ ፎቶ ፍሬም ዞረ። በሩን ለምን ተውክ ስለው፣ «በር ሰው ሁሉ ይደበድበዋል፤ ፎቶን ማን ይደበድበዋል?» አለኝ። ደግሞ የሚያስቀኝ ነገር፣ በራሱ ቤት አንድም የሰው ፎቶ አልሰቀለም። አባቱ የሰው ምስል ያለበት ክፍል ውስጥ አንሰግድም ይሉ ስለነበር እሱም እንደዚያው ቀረ። «አንተ ሰውዬ፣ የከተማውን ሰው ሁሉ ሰቅለህ የገዛ ሚስትህን ትረሳለህ?» ስለው፣ «እሷን በየቀኑ አያታለሁ፤ ፎቶዋ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ለሁሉም ነገር መልስ አያጣም ነበር።

ሥራው ግን ሥራ ነበር። እንደ ሌሎቹ ፎቶውን መስታወት ስር ወትፎ አይመታውም። ሸሚዝ ተጠቅልሎ የሚመጣበትን ነጭ ካርቶን እየለቀመ ያመጣና መሃሉን በምላጭ ቆርጦ መስኮት ያወጣለታል። ፎቶው ከካርቶኑ ኋላ ይገባል፣ ሰዎቹ በመስኮቱ በኩል ይታያሉ። ካርቶኑ በፎቶውና በመስታወቱ መሃል ስለሚገባ የሐይቁ እርጥበት ፎቶውን ከመስታወቱ ጋር አያጣብቀውም። «ፎቶም መተንፈሻ ይፈልጋል» ይል ነበር። እኔ ለጌጥ ነበር የሚመስለኝ።

ከዚያ ስድሳ ዘጠኝ አልቆ ሰባ ገባ። ስለ ቀይ ሽብር የሚያወራ ሰው ሞልቷል፤ እኔ አላወራም። ይህን ብቻ ልበል። ጥርስ ሊነቅሉላችሁ ድዳችሁን ሲወጉት ጉንጫችሁ የናንተ አይመስልም አይደል? ብትቆነጥጡትም አይሰማችሁ። እኛም እንደዚያ ሆንን። ጠዋት ሱቅ እንከፍታለን፣ ሰላም እንባባላለን፣ ማታ እንዘጋለን። የማን ልጅ ተወሰደ ሲሉን «እንዴ!» እንልና ሻዩን እንቀዳለን። ክፋት አልነበረም፤ የሚሰማ ነገር ጠፍቶ ነው።

እትዬ ታቢታ የወላይታ ሴት ናቸው። ጴንጤ ናቸው፣ ገበያ ቅቤ ይነግዳሉ፣ ቤታቸው ታቦር ተራራ ግርጌ ነው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። ሮማን የምትባለውን ሴት ልጃቸውን ግዛቸው ለሚባል የግብርና ሠራተኛ ድረዋል። ወንዱ ልጃቸው ማቴዎስ ተማሪ ነበር። እሱን ከቤት ወሰዱት። እትዬ ታቢታ ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ሲያመላልሱ ከርመው አንድ ቀን በር ላይ ያለው ዘብ ሳህኑን መለሰላቸው። «እናቴ፣ ከእንግዲህ አያምጡ» አላቸው። መርዶው ይኸው ነው። ማልቀስ ክልክል ነበር፣ ድንኳን መጣል ክልክል ነበር። ሳህኑን እንደያዙ በኔ በር አለፉ። «ደህና ዋልሽ ጽጌ» አሉኝ። «ደህና ዋሉ እትዬ» አልኳቸው። ምን ልበል? ሳህኑ አለመነካቱን አይቻለሁ፣ ገብቶኛል፤ ግን ደህና ዋሉ ነው ያልኩት።

በዚያ ላይ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ፣ ባዬ የሚባል፣ ፎቶ መሰብሰብ ጀመረ። በየቤቱ ይገባና ግድግዳ ያያል። ከተገደለ ልጅ ጎን የቆመ፣ ትከሻውን ያቀፈ፣ አብሮ ኬክ የቆረሰ ሁሉ ይጠራል። ይህን ጊዜ ሰው ፎቶውን ማቃጠል ያዘ። ከየጓሮው የሚወጣው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ ነው።

እትዬ ታቢታም የማቴዎስን ፎቶዎች በሙሉ ምድጃ ውስጥ ከተቱ። አንድ ብቻ አስቀሩ፣ ሮማን ስትዳር ግቢያቸው ውስጥ የተነሱትን። ሮማንና ግዛቸው መሃል ላይ ናቸው፣ እትዬ ታቢታ በቀኝ በኩል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ማቴዎስ ከኋላቸው ዳር ላይ ቆሞ እጁን ትከሻቸው ላይ ጭኗል። ሮማን ይህም ይቃጠል ብላ አልቅሳ ለመነቻቸው። «እማዬ፣ እኔም ግዛቸውም አለንበት እኮ! ልጄን ያለ አባት ልታስቀሪው ነው?» አለቻቸው። ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች። ግዛቸው ደግሞ ቢያንስ ማቴዎስ ያለበት በኩል በመቀስ ይቆረጥ አለ። ልጁን አልፈርድበትም፤ ፈርቶ ነው።

እንግዲህ ፎቶውን በነጠላቸው ሸፍነው ሙህዲን ጋ አመጡት። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። መስማት ሥራዬ ነው።

«ቁረጥልኝ» አሉት። «እኔ እጄ እምቢ አለኝ።»

ሙህዲን «አልቆርጥም እትዬ። ልሸፍነው» አላቸው። የካርቶኑን መስኮት ወደ ግራ አስጠግቼ ብቆርጠው ማቴዎስ በቀኝ በኩል ከካርቶኑ ስር ይቀራል፤ ማንም አያየውም፣ እርስዎ ግን እዚያ እንዳለ ያውቃሉ አላቸው። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር አየ። «እጁ ትከሻዎ ላይ ነው። እጁን ልደብቅ ብል ትከሻዎም መሸፈኑ ነው።»

«ትከሻዬም አብሮት ይግባ» አሉ።

እንደዚያ ሆኖ ተሠራ። ሙሽሮቹ ይታያሉ፣ እትዬ ታቢታ አንድ ትከሻቸው ተበልቶ ይታያሉ፣ ከዚያ ወዲያ ሰፊ ነጭ ካርቶን ነው። ወሬው ለሚታመን ሰው ብቻ ሹክ እየተባለ ሄደ፤ ሌሎችም መጡ። ሙህዲን እህቶችን፣ ወንድሞችን፣ እጮኞችን ከካርቶን ስር አስገባ። ማንንም ስም አይጠይቅም። «የትኛው?» ይላል፣ በጣት ያሳዩታል፣ በቃ።

ግን የዋህነቱ! እጁ ንጹሕ ስለሆነ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ ይሠራቸው ነበር። ያው ነጭ ካርቶን፣ ያው ወደ አንድ ጎን የሸሸ መስኮት። ወደ ቱላ መውጫ አንድ ሰው ቤት ባዬ ፍሬሙን ከግድግዳ አወረደና ሲያገላብጥ ካርቶኑ ተንሸራቶ ከስሩ አንዲት አፍሮ ፀጉሯ የተነፋ ልጅ ብቅ አለች። አባትየውን ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ባዬ ሰፊ ካርቶን ያየ እንደሆነ ያወርዳል፣ መስታወቱን አውጥቶ ጥፍሩን ከካርቶኑ ስር ከትቶ ይገፋል። ሙህዲን የሚያድናቸው መስሎት በእያንዳንዱ ቤት ግድግዳ ላይ ምልክት ሰቅሎ ነበር።

ያን ቀን ሚስማሩ አልተሰማም። ብርጭቆዎቼ ዝም ሲሉ ሄጄ አየሁት። ጣውላው ላይ ተቀምጦ መዳፉን ያያል።

«ተነስ!» አልኩት። «አንተ ስትቀመጥ ሰውየው አይፈታ። ለምን ለሁሉም ሰው እንዲህ አታደርገውም?»

«ለማን ሁሉም?»

«ለሁሉም ነዋ! የሚደብቀው ነገር ለሌለውም። ፋሽን ነው በል። እኔ አስወራለሁ።»

ማስወራቱን ለኔ ተዉት። ሻይ ሊጠጣ ለገባ ሁሉ «ኧረ አሁን እኮ መሃል ላይ መሰቀል ቀርቷል፤ የአዲስ አበባ ሰዎች በጥግ ነው የሚያሠሩት» እላለሁ። ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ከተባለ ምን ቀረው? ጋሪ ነጂውም፣ ዳቦ ጋጋሪውም፣ የቀበሌ ጸሐፊዋም ፎቷቸውን በጥግ አሠሩ። አልፎ ተርፎ ባዬ ራሱ የሚስቱን ፎቶ ይዞ መጣ! «እንደ ዘመኑ አድርግልኝ» አለው። ሴትዮዋ ያን በሚያህል ነጭ ካርቶን ጥግ ላይ እንደተቀጣች ተማሪ ተቀምጣ ሳያት፣ ግድግዳዬን ተደግፌ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። በዚያ ዓመት ሌላ የሳቅኩት ትዝ አይለኝም።

ባዬ ግን ሞኝ አልነበረም። ዓይን አልበቃው ሲል ጣቱን አመጣ። ካርቶኑን በጥፍሩ ይገፋል፣ ካልተንሸራተተ ያንኳኳዋል፤ ባዶ ባዶ የሚል ድምፅ ከሰጠ ይቀድደዋል። ስለዚህ ሙህዲን የዱቄት ሙጫ በቆርቆሮ በጥብጦ፣ መስታወት ልቀይር ነው እያለ በጠራራ ፀሐይ በየቤቱ ይዞር ጀመር። እትዬ ታቢታ ቤት የሄደ ቀን እኔም በጋሪ አብሬው ሄድኩ። ሙጫውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ብታዩት ሽሮ ነው የምትሉት።

ፍሬሙን ፈትቶ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ማቴዎስ ከካርቶኑ ስር ወጣ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኛ፣ እትዬ ታቢታና ሮማን ነን።

«እትዬ» አለ ሙህዲን፣ «ሳልዋሽ ልንገርዎት። ከለጠፍኩት አይነሳም። አንድ ቀን ላንሳው ቢሉ ፊቱ ከካርቶኑ ጋር ይላጣል።»

«ዳር ዳሩን ብቻ ለጥፈዋ» አሉ።

«መሃሉ ባዶ ከሆነ ሲያንኳኳው ይሰማዋል። ፊቱም ላይ መቀባት አለብኝ።»

እትዬ ታቢታ ፎቶውን አዩት። ሮማን ሆዷን ይዛ እሳቸውን ታያለች። ውጪ የጋሪው ፈረስ ኮቴውን ይመታል።  ምርጫው ልጅየውን ማቃጠል ነው ወይ ዳግመኛ ላያዩት ማሸግ። አለዚያ በሮማን ሆድ ያለውን ልጅ አባት ለባዬ መስጠት ነው።

«ለጥፈው» አሉ።

ድምፃቸው ገበያ ላይ «ይህን መዝነው» ሲሉ እንደሚወጣው ድምፅ ነበር። እንባ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። ሙህዲን ጣቱን ቆርቆሮው ውስጥ ነክሮ ይቀባ ጀመር። ከመሃል ላይ አንዴ እጁን አቆመና ሙጫው ሊደርቅብህ ነው ብዬ ቆጣ አልኩት። ከዚያ ጨረሰ። ካርቶኑን ጣለበት፣ በመዳፉ አሸው፣ ድንጋይ ጫንበት። እትዬ ታቢታ ቅቤያቸውን ሊያሰናዱ ወደ ጓዳ ገቡ።

ባዬ መጣ። ፍሬሙን አወረደ፣ መስታወቱን አወጣ፣ ካርቶኑን በጥፍሩ ገፋ፣ አንኳኳ። ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሰጠው።

«ትከሻሽን ምን በላው አንቺ ሴትዮ?» አላቸው።

«ፎቶ አንሺው» አሉት።

ሳቀና መስታወቱን መልሶ ሰቀለው፣ አዛብቶ። ከወጣ በኋላ እትዬ ታቢታ ተነስተው አቃኑት።

ዓመታት ሄዱ። ሮማን ወለደች፣ ደገመች። ግዛቸው ተቀየረ ተመለሰ፣ ማንም አልነካውም። እትዬ ታቢታ ቅቤያቸውን ሸጡ፣ የልጃቸውን ስም አንድ ቀን ሲያነሱ አልሰማሁም። ሙህዲን ፍሬሙን ሠራ፣ እኔ ሻዩን ቀዳሁ። እንደዚያ ነበር የሆነው፤ ከዚህ የበለጠ የሚወራ የለውም። ሰው እንዲህ ሆኖ መኖር ይችላል፣ ብዙ ዓመት።

ሰማንያ ሦስት ላይ ደርግ ሲወድቅ ሰው ፍሬሙን እየያዘ ሙህዲን በር ላይ ተሰለፈ። ልጃችንን አውጣልን ነው። ሙህዲን ውሃ አሞቀ፣ በእንፋሎት አለሰለሰ፣ በምላጭ ጀርባ ቀስ አድርጎ ገለጠ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ፊቱ ተላጦ ከካርቶኑ ጋር ቀረ፤ ፎቶው ላይ የቀረው ነጭ ወረቀት ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ከዚያ በኋላ አልነካም አለ። አንዷ ሴት «ሁለተኛ ገደልከው!» ብላ ጮኸችበት። እኔ ወጥቼ «ያኔ ለጥፍልኝ ብለሽ እግሩ ላይ የወደቅሽው ማን ነሽ?» ብዬ ልናነቅ ስል ሙህዲን ከለከለኝ። «ተያት ጽጌ፤ እውነቷን ነው» አለ። ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ያን ሰሞን ምሳም አይበላ ነበር።

እትዬ ታቢታ ሰልፉ ካለቀ በኋላ መጡ። አርጅተዋል። ሙህዲን ገና ሲያያቸው «እትዬ፣ አይነሳም። ማርያምን... አላህን፣ አይነሳም» አለ፤ ከኔ ጋር ውሎ መሐላው ሁሉ ተደባልቆበታል።

«ልታነሳው አላመጣሁትም» አሉ። «ጥቁር ጨርቅ አድርግበት። ላለቅስለት ነው።»

«በየት በኩል ላድርገው?»

«እሱ ባለበት በኩል ነዋ።»

ሙህዲን በነጩ ካርቶን ጥግ ላይ ጥቁር ጨርቅ አጋድሞ አሰረ። ምንም በሌለበት ቦታ ላይ የሐዘን ጨርቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ታቦር ግርጌ ድንኳን ተጣለ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች መጥተው ዘመሩ፣ ሙህዲንም ከወንዶቹ ጋር በር አጠገብ ተቀመጠ። ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ሰው እየመጣ ያየዋል፣ ማንን እያየ እንደሆነ ይቸግረዋል፣ ይቀመጣል። ማንም አያለቅስም። ልቅሶ እኮ በጊዜው ካልሆነ እንዴት እንደሚጀመር ይጠፋል። እትዬ ታቢታም ደረቅ ዓይናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

ከመዘምራኑ አንዷ፣ ወንጌላዊት የምትባል ልጅ፣ እሳቸውን ለማጫወት ብላ ይመስለኛል ጎንበስ ብላ ጠየቀች። «እማማ፣ መልኩ ምን ይመስል ነበር?»

እትዬ ታቢታ አፋቸውን ከፈቱ። «ጠይም ነው» አሉ። «ጠይም ነው፣ ረዘም ያለ...» ዝም አሉ። ሮማን «እኔን ይመስል ነበር» አለች። ግዛቸው «አይ፣ እንዲያውም አባቱን ነው» አለ። እትዬ ታቢታ ሁለቱንም አዩአቸው፣ ካርቶኑን አዩ።

«ጠፋኝ» አሉ። «ፊቱ ጠፋኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ያየሁት ካርቶን ነው። ለጥፈው ያልኩትም እኔው ነኝ።»

 ልጁ ሻይ ቤቴ ስንት ጊዜ ገብቷል፣ እኔም ጠፍቶኝ ነበር። አንድ ሰው ሞት ብቻ አይበቃውም እንዴ? ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ተናደድኩ።

ሙህዲን ከበሩ አጠገብ ተነሳ። በሰው ፊት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው።

«እትዬ፣ እኔ አልረሳሁትም» አለ። «ሙጫውን ፊቱ ላይ የቀባሁት በዚህ ጣቴ ነው። ከግንባሩ ጀመርኩ። የግራ ቅንድቡ ላይ ፀጉር ያላበቀለች ጠባሳ አለች፣ የስንዴ ፍሬ ብታክል ነው። ጆሮው ወጣ ያለ ነው። አፍንጫው እንደርስዎ ነው። አፉ ጋ ስደርስ ግን ጣቴን አቆምኩ፤ ጽጌ ተቆጣችኝ። አፉ ገጥሟል፣ ጉንጩ ግን ተነፍቷል። ሊስቅ ነበር። ሳቁን እየዋጠ ነው ፎቶ የተነሳው።»

እትዬ ታቢታ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ጠባሳዋ ከበቅሎ ወድቆ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ «ሳቁን?» አሉ።

«አዎ፣ ሳቁን።»

«እኔ ነኝ ያሳቅኩት» አሉ። «ፎቶ አንሺው እንዳትንቀሳቀሱ፣ እንዳትናገሩ፣ ዓይናችሁን እንዳትጨፍኑ ብሎ አስጨነቀን። መተንፈስስ ይፈቀዳል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ማቴዎስ ከኋላዬ ሆኖ... እጁ ትከሻዬ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ሳቁን ይዞ ነው። ይሰማኝ ነበር እኮ!»

እጃቸውን አንስተው ትከሻቸውን ያዙ። መጀመሪያ የሳቁ መስሎን ነበር። ከዚያ ነው የጮኹት። ሮማን ላባብል ብላ ስትነሳ ሙህዲን በእጁ ከለከላት፣ እኛም ተውናቸው፤ እስኪመሽ ድረስ ማንም ይብቃዎት አላላቸውም።